ሁለተኛውን ቀጠሮ ማን ያስታውሳል?



የዩኒቨርሲቲ እረፍት ሲደርስ ሕክምና የሚማሩ ልጆቻችን ከጅግጅጋም ከሌላውም ከተማ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በክትባት ሥራ በነፃ ማገልገል ለሚፈልግ ተማሪ ምን ሥራ እንስጠው? እኛ መልሳችን አንድ ነው፤ መርፌውን ለጤና ባለሙያው ይተው፣ ቀጠሮውን ይያዝ።

በአገራችን ሕፃን እንደተወለደ ከሚሰጠው ክትባት በኋላ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም ለኩፍኝ በ9 እና በ15 ወሩ መምጣት አለበት። ይህ ከተማ ውስጥ ለተቀመጠ ቤተሰብ እንኳ ቀላል አይደለም። ሐርተሼክ ዙሪያ ያለ አርብቶ አደር ግን ዝናብ ተከትሎ ይሄዳል። የመጀመሪያውን የወሰደ ልጅ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ሌላ ብርካ አጠገብ ነው። ዘመቻው መጥቶ ይሄዳል፤ ልጁ ግን በግማሽ ይቀራል።

ሐርተሼክ ሰው ሲንቀሳቀስ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሐርጌሳና ከአካባቢዋ ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ተቀብላለች። ከ250,000 በላይ ስደተኛ ያስጠለለው ካምፕ የተዘጋው በ2004 ነበር። በሽታም ከሰው ጋር ድንበር ይሻገራል። በ2013 ሶማሊያ ውስጥ የተነሳው ፖሊዮ ኬንያን አልፎ በክልላችን ዶሎ ዞን ገብቶ ልጆችን ሽባ አድርጓል።

በዚያው ዓመት ዐሊ ማኦ ማአሊን ሞተ። የመርካ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ሳለ፣ በ1977 በተፈጥሮ በተዛመተ ፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው የዓለም ሰው እርሱ ነበር። መርፌ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ኋላ ግን የፖሊዮ ክትባት በጎ ፈቃደኛ ሆነ፤ ለሚያመነቱ ወላጆች የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ሕይወቱ ያለፈውም በዘመቻው ላይ ሳለ በወባ ታሞ ነው። ዶክተር አልነበረም። ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ደጃቸው የሚደርስ ሰው ነበር።

«ተማሪ ገና አልጨረሰም፣ ልጄን አላስነካም» የሚል ወላጅ እውነት አለው። ስለዚህ ተማሪው አይውጋ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቤት ለቤት ይዙር፤ ካርዱን ይይ፣ የጎደለውን ይመዝግብ፣ ቤተሰቡ ወዴት እንደሚሄድና በማን ስልክ እንደሚገኝ ይጠይቅ። እናትየዋን «ኤዶ» ብሎ፣ ከመርፌ በኋላ የሚመጣው ቀላል ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚያልፍ፣ ከባሰ ግን ወዴት እንደምትሄድ ይንገራት። እረፍቱ ሲያልቅ መዝገቡን ለጤና ኬላው ያስረክብ። ፎቶ ተነስቶ መመለስ ግን ኽድማ አይባልም።

ዩኒቨርሲቲዎች ተቆጣጣሪ ባለሙያና መጓጓዣ ይመድቡ። ኢማሞቻችን ከጁምዓ በኋላ የክትባቱን ቀን ያስታውቁ። ለሐጅ ስንሄድ የማጅራት ገትር ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ሐጃጆቻችንም ያለ ቅሬታ ይከተባሉ። እነዚያው አባቶችና እናቶች ለጎረቤት አንድ ቃል ቢናገሩ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

ልጆቻችን አማና ናቸው። አማና ደግሞ በግማሽ አይጠበቅም። አላህ ለተማሪዎቻችን ብርታቱን፣ ለሕፃናቱ ዓፊያውን ይስጥልን። አሚን።