የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና የጓደኛ ድጋፍ

የፈተና ወራት በደረሰ ጊዜ ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው፥ ከባሕር ዛፉ ሥር ደብተር ዘርግተው የተቀመጡ ተማሪዎች ያጋጥሙታል። ስለት ተስለው የመጡ አሉ፤ ጸጥታውን ብቻ ፈልገው የመጡም አሉ። እኛም በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሁለት የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን ስንጫወት፥ ታናሽየው «የሚያስጨንቀኝ መጽሐፉ አይደለም፤ አለማወቄን ጓደኞቼ እንዳያውቁብኝ መጠንቀቁ ነው» አለን።

ጥርስ መንቀል ምን ያስጨንቃል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ተማሪ የአካልን አሠራርና የመድኃኒትን ጠባይ ከማጥናቱ በላይ፥ በጠባብ አፍ ውስጥ በሚሊሜትር ልክ የሚሠራ እጅ ማሠልጠን አለበት። በመጀመሪያ በሰው ሠራሽ ጥርስ ይለማመዳል፤ ኋላ ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሕመም እንቅልፍ የነሣው ሰው ነው። መምህሩም ከበስተኋላ ቆሞ ያያል። የታዘዘለትን የሥራ ብዛት መፈጸም ግዴታው ሲሆን፥ የተቀጠረው በሽተኛ ቢቀር ጉዳቱ ለተማሪው ይተርፋል። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ጥናቶችም ፈተናንና ይህንኑ የክሊኒክ ግዴታ ከዋነኞቹ የጭንቀት ምክንያቶች ይቆጥሯቸዋል።

ጭንቀቱን የሚያብሰው ግን መደባበቅ ነው። ማስታወሻውን የሚሸሽግ፥ የወደቀበትንም ትምህርት ለማንም የማይነግር ሞልቷል። (እኛም በተማሪነታችን ደብተር ደብቀናል፤ አንክድም።) የአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት እንዲህ አይደለም። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥረውን ታናሹን ያስጠናል፤ በቅኔ ቤትም በትምህርት የገፋው አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪዎችን ይረዳል። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ፥ ተረዳድተው እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር።

እንግዲህ ክሊኒክ ለሚጀምር ለእያንዳንዱ ተማሪ፥ ዓምና በዚያው መንገድ ያለፈ አንድ ታላቅ ቢመደብለት እንላለን። መምህር ቢመደብለት አይሆንምን? ይሆናል፤ ነገር ግን ማርክ ለሚሰጥ ሰው «እጄ ይንቀጠቀጣል» ብሎ የሚናገር ጥቂት ነው። ታላቁም ቢሆን ሐኪም አይደለምና፥ ጓደኛው ለብዙ ቀን እንቅልፍ ሲያጣ፥ ምግብ ሲጠላ፥ ተስፋ ቆርጦ ሲናገር ከሰማ፥ በምክር ብቻ ሊይዘው አይገባም፤ እጁን ይዞ ወደ አእምሮ ሐኪም ይውሰደው።

ለቀረው በሳምንት አንድ ሰዓትና አንድ ባዶ ክፍል ይበቃል። ኮሌጆቹም ቁልፉን አይከለክሉም ብለን እናምናለን።