አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይመረመር አይፈረድበት

በዚህ ዓመት በኮምፒዩተር ክፍላችን የሆነውን ነገር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በመስከረም ወር አቧራቸው እንዲጠረግ የተከፈቱት አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች፣ ከተገጠሙ በኋላ ከመረቡ ጋር አንገናኝም አሉ። ወዲያው ሁለት ፍርድ ተሰጠ። ኮምፒዩተሮቹ ዘመናቸው አልፏል ተብለው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ፤ ያጸዳቸው የክፍል ጓደኛችንም አበላሽቷል ተብሎ ወደ ክፍሉ ድርሽ እንዳይል ተከለከለ። እኔ ግን ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ነበሩ ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመረቡ ገመድ የሚሰካበት ካርድ ለጽዳት ወጥቶ ሲመለስ፣ ቀድሞ በነበረበት ማስገቢያ ሳይሆን በጎረቤቱ ገባ። ዊንዶውስ 7 ካርዱን የሚለየው በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን በተሰካበት ስፍራም ጭምር ስለሆነ፣ አዲስ ካርድ የመጣ መስሎት ሁለተኛ ግንኙነት ከፈተ፤ በስሙም ላይ ቁጥር 2 ጨመረበት። በእኛ ክፍል ደግሞ የያንዳንዱ ኮምፒዩተር አድራሻ በእጅ የሚጻፍ ነውና አዲሱ ግንኙነት አድራሻ አልነበረውም። የቀድሞው ግን ከነአድራሻው በመዝገብ ቀርቷል። ትምህርት ቤቱን ለቆ የሄደ ተማሪ ስሙ ሳይሰረዝ ቢቀር፣ ቁጥሩን ለአዲስ ገቢ ልስጥ የሚል አስተማሪ ምን እንደሚገጥመው አስቡት። በእርግጥም 192.168.1.14 የሚለውን አድራሻ ለአዲሱ ስንጽፍለት፣ አድራሻው አሁን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለሌለ ካርድ የተሰጠ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ምክንያቱ እዚያው ተጽፎ ሳለ የሚያነበው ሰው ጠፍቶ ኖሯል! (ረዥም እንግሊዝኛ ባየን ቊጥር ሳናነብ «እሺ» የሚለውን መጫን አመላችን ነው፤ ራሴንም አላወጣም።)

መድኃኒቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በኃላፊው የይለፍ ቃል የትእዛዝ መስኮት ይከፈትና፣ በቦታቸው የሌሉ ዕቃዎች እንዲታዩ የሚያዝ አንድ መስመር ይጻፍበታል። መስኮቱ ሳይዘጋ ከዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ይጠራል፤ የተሰወሩትንም አሳይ ይባላል። የሌለው ካርድ ደብዝዞ ይታያል። እርሱን ብቻ መሰረዝ ነው፤ ሌሎች ደብዛዛ ስሞችን ያዩ እንደ ሆነ ግን ሳያውቁ አይንኩ።

አንድ አስተማሪያችን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የደኅንነት ጥገና መስጠቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 አቁሟል ሲሉ ተቃውመዋል። እውነታቸውን ነው፤ በእነዚህ ኮምፒዩተሮች ማንም የባንክ ጉዳዩን ወይም ምሥጢሩን አይጻፍ። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ ለሚደረግ የጽሕፈትና የፕሮግራም ልምምድ ምን አነሳቸው? ለአንድ መቀመጫ ሦስት ተማሪ ሲጋፋ እያየን አራት ኮምፒዩተር በዕቃ ቤት ማስቀመጥ ለእኔ አይገባኝም።

ኮምፒዩተሮቹ ተመልሰው ሥራ ከጀመሩ እነሆ ሁለት ወር ሆናቸው። ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ ከበሩ ውጭ ነው። የክፍሉ ኃላፊዎች ክልከላውን እንዲያነሡለት በትሕትና እለምናለሁ።