ለጃንጎ ፎርሞች፦ የዘገየ ምስጋና ከኤረር

ውድ ጃንጎ፣

ይህ ምስጋና ቀደም ብሎ ሊደርስህ ይገባ ነበር። ሌት ተቀን ስትሠራልኝ ኖረህ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ብዬህ አላውቅም።

የተወለድከው ካንሳስ ውስጥ፣ ሎውረንስ በምትባል ከተማ፣ ጋዜጣ ቤት ነው። አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ለዜና ሥራ የሚሆን የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ አድርገው ጀመሩህ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁሉም በነጻ ተለቀቅክ። እኔ ደግሞ ሶማሌ ክልል ኤረር ላይ ላለ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል መመዝገቢያ ሠራሁብህ።

በመጀመሪያ ስለ ስም ላመስግንህ። ሶማሌውም ኦሮሞውም አማራውም የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚናገረው። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን አንስቼ ሦስት ሳጥን ስተካ፣ መጠሪያቸውንም በሶማልኛና በአማርኛ ስጽፍ አልከለከልከኝም።

ትልቁ ውለታህ ግን ቀን ላይ ነው። የተለመደው የቀን መምረጫ ከ12 ወር በላይ አያውቅም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ምርጫ ለይቼ 13ቱንም ወሮች ደረደርኩ። መልቲዊጅትህ የተመዘገበውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ከፋፍሎ ያሳያል፤ መልቲቫልዩፊልድህ የተመረጠውን መልሶ ገጥሞ በፈረንጆቹ ቀን ወደ ዳታቤዝ ያስገባል። ስሌቱን እኔ ብጽፈውም ቦታውን አዘጋጅተህ የጠበቅከኝ አንተ ነህ። ጳጉሜ 6 በዘመነ ሉቃስ ብቻ እንዲያልፍ «ክሊን» በሚለው ፈንክሽንህ ውስጥ ጥቂት መስመር በቃኝ። የስህተት መልእክቱም የራሴ ነው፦ «በዚህ ዓመት ጳጉሜ 5 ቀን ናት።»

ልጇን አዝላ ከገጠር የመጣች እናት መቼ እንደወለደች ስትጠየቅ «በከረን» ትላለች፤ የክረምቱን ዝናብ ማለቷ ነው። ያለ ቀን አላልፍም የሚል ፎርም መዝጋቢውን የፈጠራ ቀን ያስሞላዋል። አንተ ግን ቀኑን የግድ እንዳላደርገው ፈቀድክልኝ፤ ከጎኑ ዲራዕ (የበልጉ ዝናብ) እና ከረን የሚል የወቅት ምርጫ ከዓመቱ ጋር ጨመርኩ። ከሁለቱ አንዱ ካልተሞላ ግን ፎርሙ አያልፍም። ሕፃኑ ለኩፍኝ ክትባት 9 ወር ሞልቶት እንደሆነ ለምታሰላ ነርስ፣ ከፈጠራ ቀን እውነተኛ ወቅት ይሻላታል። ለዚህ ውለታህ ምን ብዬ እንደማመሰግንህ አላውቅም።

ጅግጅጋም ሆነ ድሬዳዋ ፓይተን የምትማሩ ልጆች ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁት አንድ ልመና አለኝ፦ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ቁሙና ሰው ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ ስሙ፤ ሳጥኑን ከዚያ በኋላ ሥሩ።