አንድ ስም፣ ሁለት መልስ

የሙግቱ ጥያቄ፦ አንድ መሥሪያ ቤት በራሱ የዲኤንኤስ ሰርቨር ላይ፣ ለተመረጡ ስሞች ብቻ፣ የተቀረው ዓለም ከሚያገኘው የተለየ መልስ ማስቀመጡ ይገባል ወይስ አይገባም? «ይገባል» የምትለው የአንድ ድርጅት የኔትወርክ አስተዳዳሪ ናት። «አይገባም» የሚሉት ለረጅም ዓመታት ኔትወርክ ሲዘረጉና ሲያስተምሩ የኖሩ ባለሙያ ናቸው።

ይገባል

የፋይናንስ ሲስተማችን ያለበት ሰርቨር ከሒሳብ ክፍላችን በሃያ እርምጃ ርቀት፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። የቅርንጫፍ ሠራተኞችም ስለሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ስም አለው፤ ስሙ የሚያመለክተው የድርጅቱን ፐብሊክ አይፒ ነው። ሲስተሙ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ከየቅርንጫፉ የተደወለልኝ ሁሉ «ይሠራል» አለኝ። በሃያ እርምጃ ላይ ያሉት የሒሳብ ሠራተኞች ግን «ሲስተም የለም» አሉኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ስሙን ሲጠይቅ ፐብሊክ አይፒው ይነገረዋል፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ራውተሩ ግን ከውስጥ መጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለሰውን ማዞር አያውቅም። ይህን የሚችል ራውተር ብገዛም ሌላ ችግር ይጠብቀኛል። የተመለሰው ሁሉ የራውተሩን አድራሻ ለብሶ ስለሚገባ፣ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ሃያው የሒሳብ ሠራተኛ አንድ ሰው ሆኖ ይታያል። «ይህን ሰነድ ከየትኛው ኮምፒውተር የከፈተው ማን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ኦዲተር መልስ አይኖረኝም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር። በውስጥ የዲኤንኤስ ሰርቨራችን ላይ ያ አንድ ስም ወደ 192.168 በሚጀምረው የውስጥ አድራሻ እንዲመራ ጻፍኩ። የቢሮው ሰው ስሙን ሲጠይቅ የውስጡን፣ የቅርንጫፉ ሲጠይቅ የውጩን ያገኛል። ላፕቶፑን ይዞ የሚዞር ሠራተኛ አንድ ስም ብቻ ያውቃል፤ የምስክር ወረቀቱም በሁለቱም በኩል ያው ነው።

እዚህ ላይ «የተመረጡ» የሚለው ቃል ትልቅ ክብደት አለው። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ስም ለመቀየር የድርጅቱን ዶሜይን በሙሉ በውስጥ ሰርቨራቸው ላይ እንደ ዞን ሲከፍቱ ነው። ሰርቨሩ ያን ጊዜ ለዶሜይኑ ሁሉ ባለሥልጣን ነኝ ብሎ ያምናል፤ ያልጻፉለትን ስም ሲጠየቅ ወደ ውጭ ሳይጠይቅ «የለም» ይላል። የፋይናንስ ሲስተሙ ይከፈትና የድርጅቱ ድረ ገጽ ከቢሮው ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ በስሙ ልክ ብቻ መቁረጥ ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር ዞኑን በሙሉው ስም መሰየም ይቻላል፤ በአንባውንድ ያንኑ ስም ብቻ ጽፎ ሌላው ወደ ውጭ እንዲያልፍ መተው ይቻላል፤ በባይንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው የምላሽ ፖሊሲ ዞን ለዚሁ ይሆናል።

ይህ አሠራር የድብብቆሽ ዘዴም አይደለም። ጉግል ራሱ፣ ትምህርት ቤቶች ለልጆች የተጣራ ፍለጋ ማስገደድ ሲፈልጉ፣ የፍለጋ ስሙን በውስጥ ዲኤንኤሳቸው ላይ ወደተዘጋጀ ሌላ ስም እንዲመሩ መመሪያ አውጥቷል።

እኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲቋረጥና ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ የስም መልስ ከውጭ የሚጠብቅ የቢሮ ሲስተም ሰርቨሩ አጠገቡ እያለ ስሙን ማግኘት አይችልም። የእኛ ሒሳብ ክፍል ደመወዝ የሠራው ያቺ አንድ መስመር ስላለች ነው።

አይገባም

እህቴ የነገረችን ችግር እውነተኛ ነው። እኔም በብዙ ቢሮ አይቼዋለሁ። የማልስማማው ከመድኃኒቱ ጋር ነው።

ዲኤንኤስ ከመምጣቱ በፊት የኢንተርኔት ስሞች ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ከአንድ ቦታ ይከፋፈሉ ነበር። አዲሱን ሳይወስድ የቀረ ኮምፒውተር ከሌሎቹ የተለየ መልስ ይሰጥ ነበር። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስን ሲያወጣ መዝገቡ በብዙ ባለቤቶች መካከል ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ስም ግን ባለቤቱ ከጻፈው አንድ ምንጭ እንዲመለስ ሆነ። የውስጥ መስመር ስንጽፍ ያን አሮጌ ፋይል በራሳችን ሰርቨር ላይ መልሰን እንፈጥረዋለን።

ያገለገልኩበትን አንድ መሥሪያ ቤት ልጥቀስ። ስሙ ይቅር። ድረ ገጹ ወደ አዲስ ሰርቨር ተዛወረ፤ ከውጭ ያለ ሁሉ አዲሱን አየ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባልደረባችን በውስጥ ዲኤንኤስ ላይ የጻፋት መስመር ግን ነበረች፤ እሱ ሥራ ለቋል፤ ያስታወሳት አልነበረም። ቢሮው ውስጥ ያለነው አሮጌውን ገጽ እያየን ቀጠልን። በአሮጌው ገጽ ላይ የነበረው የጨረታ መዝጊያ ቀን በአዲሱ ተቀይሮ ነበር። የግዥ ክፍል ሠራተኞች ለደወለ ሁሉ የድሮውን ቀን ነገሩ። ስህተቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ምክንያቱም ከውስጥ ሆኖ የሚፈትሽ ሰው ሁሉ ያየው «ይሠራል» የሚለውን ነው።

የዚህ ዓይነቱ መስመር ክፋት ስህተቱን ከሚያርመው ሰው መደበቁ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አንድ ስም አንድ አድራሻ ብቻ አለመያዙ ነው። በአንድ ስም ሥር የአይፒ ስሪት 4 አድራሻ፣ የስሪት 6 አድራሻ፣ የኢሜይል መቀበያ፣ የማረጋገጫ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። በአንባውንድ በተለመደው አቀማመጥ ስሙን አንዴ ከነካሽው፣ አንቺ ያልጻፍሻቸው ዓይነቶች ሁሉ «የለም» ይባላሉ። ስሙ የዶሜይኑ ዋና ስም ከሆነ ከውስጥ የሚላክ ኢሜይል መንገድ ያጣል። በዲኤንኤስማስክ ደግሞ በተለመደው የአድራሻ መስመር ስሙን ከጻፍሽ ከሥሩ ያሉትን ስሞች ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፊርማ ነው። ዶሜይኑ በዲኤንኤስሴክ የተፈረመ ከሆነ የውስጡ መልስ ፊርማ የለውም። በእኛ ሰርቨር የሚያምን ተራ ኮምፒውተር ይቀበለዋል፤ ፊርማ የሚፈትሽ የቅርንጫፍ ሰርቨር ግን መልሱን ከዋናው ቢሮ ቢያመጣም ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ማለትም ሐሰትን ለመከላከል የተሠራው ጥበቃ እኛን ራሳችንን አጭበርባሪ ብሎ ይይዘናል።

አራተኛው፣ መሣሪያዎቹ ሰርቨራችንን መጠየቅ እያቆሙ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድሮይድ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ማስተካከያ አለው፤ ሠራተኛው የሌላ ድርጅት ሰርቨር ከሞላበት የቢሮውን መስመር አያይም። ፋየርፎክስም እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ላሉ ተጠቃሚዎቹ ጥያቄውን መስጥሮ ወደ ሌላ ሰርቨር መላክን ነባሪ አድርጓል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ስልክና ኮምፒውተር ለአንድ ስም ሁለት መልስ ይይዛሉ።

የይገባል ምላሽ

ጋሼ የነገሩንን የጨረታ ታሪክ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ግን መስመሯ የተጻፈችው በማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሆነ ያልተመዘገበ ስለሆነ ነው የጎዳችው። በእኔ ሰርቨር ላይ ያሉት መስመሮች ሦስት ናቸው። የእያንዳንዳቸው ምክንያትና ቀን ከጎናቸው ተጽፏል። መስመሯ ስትጻፍ ከውጭ የነበረው መልስም ተመዝግቧል፤ በየጠዋቱ ትንሽ ስክሪፕት ከውጭ ሰርቨር ጠይቆ ያነጻጽራል፤ የውጩ ከተለወጠ ኢሜይል ይደርሰኛል። ያ ባልደረባዎ ይህን ቢያደርግ ኖሮ በዚያው ጠዋት ታውቁ ነበር።

የዓይነቶቹም ነገር መልስ አለው። አንባውንድ ያልተጻፈውን ዓይነት ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ሌላ አቀማመጥ አለው፤ ዲኤንኤስማስክም በስሙ ልክ ብቻ የሚቆም መስመር አለው። መሣሪያውን ሳያውቁ መጠቀም ያመጣው ጥፋት መሣሪያውን አያስኮንነውም።

የማልነካው ወሰንም አለ፤ የሌላ ሰው ስም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2003 ቬሪሳይን በዶት ኮምና በዶት ኔት ያልተመዘገበ ስም የጠየቀውን ሁሉ ወደ ራሱ ገጽ ሲመራ ዓለም የተቆጣው በትክክል ነው፤ የላኪው ዶሜይን መኖሩን የሚፈትሹ የኢሜይል ማጣሪያዎች ሳይቀሩ ተበላሽተው ነበር። እኔ ግን የምጽፈው በራሴ ድርጅት ስም ላይ፣ ለራሴ ድርጅት ሠራተኞች ነው።

«ሌላ የውስጥ ስም ስጡት» ከተባለ፣ የሒሳብ ኃላፊዋ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የሰነዱን ሊንክ ስትልክ ምን ይሆናል? የውስጡ ስም እሱ ጋ አይከፈትም። ሰዎች ሁለት ስም ያምታታሉ፤ ማሽን ግን አይምታታበትም። ሸክሙን ለማሽኑ እንስጠው።

የአይገባም ምላሽ

የእህቴ ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ግን ስክሪፕቱም፣ የስክሪፕቱ ኢሜይልም የሚደርሰው ለእሷ ነው። ነገ የተሻለ ሥራ አግኝታ ብትሄድ የሚቀሩት ሦስቱ መስመሮች ናቸው። የአገልግሎት አሠራር ሊለካ የሚገባው ጎበዙ ሰው ከሄደ በኋላ በሚቀረው ነው።

ሌላ ስም ስል የፈጠራ ስም ማለቴ አይደለም። ብዙ ፕሮግራመሮች ለመሞከሪያ በዶት ዴቭ የሚያልቅ ስም ይፈጥሩ ነበር፤ ስሙ የጉግል ሆነ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ክሮም በዚያ የሚያልቀውን ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲከፈት ሲያስገድድ በየላፕቶፑ ያለው መሞከሪያ ተዘጋ። እኔ የምለው በድርጅቱ ዶሜይን ሥር፣ ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተለየ ንዑስ ዶሜይን ክፈቱና የውስጥ ሰርቨራችሁ የዚያ ብቸኛ ባለሥልጣን ይሁን ነው። ከውጭ ሌላ መልስ ስለሌለው የሚጋጭ ነገር አይኖርም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንደ እህቴ መስመር ሁሉ ይሠራል፤ የሰኔ 2012ቱ ዓይነት ቀን ቢመጣ ደመወዙ አይቀርም።

የሊንኩ ጥያቄ ግን ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። የድርጅቱ የሒሳብ ሲስተም በፐብሊክ አይፒ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነው ለምንድን ነው? ቅርንጫፎቹ በቪፒኤን ይግቡ። ያን ጊዜ ዋናው ቢሮም ቅርንጫፉም አንድ ስም ይጠራሉ፣ አንድ የውስጥ አድራሻ ያገኛሉ፤ ሊንኩ በሁለቱም በኩል ይከፈታል፤ ሲስተሙም ከመንገደኛ ሁሉ ዓይን ይሰወራል። ሁለት መልስ ያስፈለገው ሰርቨሩ በሁለት በር እንዲገባበት ስለፈቀድን ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ነገ ቢሮ ስትገባ የዲኤንኤስ ሰርቨራችሁን ፋይል ክፈት። ለተለወጠ እያንዳንዱ ስም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው ጠይቅ። የሚመልስልህ ካጣህ፣ የጨረታውን ቀን በስህተት ስንናገር የነበርነውን አስብ፤ አገልግሎቱን ወደ ራሱ የውስጥ ስም አዛውርና መስመሩን አጥፋው።