ከጎመኑ በፊት የጣሪያው ባለቤት ይታወቅ

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ የከተማ ግብርና ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ የቤተሰብ ወሬ ሆኗል፡፡ በአዲስ አበባ ግቢ የሌለው ነዋሪም ዓይኑን ወደ ፎቁ ጣሪያ ማንሳቱ አልቀረም፡፡

ሐሳቡን እደግፋለሁ፡፡ የምደግፈው ግን የጣሪያ ጎመን ከተማዋን ይመግባል ብዬ አይደለም፡፡ ጤፍና ስንዴ ከጣሪያ አይታፈስም፡፡ ከተማችን ሰላጣና ቆስጣዋን ለዓመታት በከፊል ያገኘችው የፋብሪካና የመፀዳጃ ፍሳሽ በሚቀላቀልባቸው የአቃቂ ወንዞች ዳርቻ ነው፡፡ በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፡፡ ምን ውኃ እንደጠጣ የሚታወቅ ቆስጣ ለልጅ ማብላት ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ይሁንና ስለጣሪያ እርሻ ሲወራ ዘርና ማዳበሪያ እንጂ መብትና ኃላፊነት አይነሳም፡፡ ለሕግ ባለሙያ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ጣሪያው የማን ነው?›› የሚለው ነው፡፡

የግል ቤት ያለው ሰው መልሱ በእጁ ነው፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ግን ሕንፃውን በግል ቤቶችና በጋራ መጠቀሚያዎች ይከፍለዋል፡፡ ጣሪያው በመርህ ደረጃ ከጋራው ወገን ነው፡፡ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ‹‹ከራሴ በላይ ያለው የእኔ ነው›› ሊል አይችልም፡፡ የምድር ቤቱ ነዋሪም ድርሻ አለው፡፡

በታዘብኩት አንድ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይኸው ጉዳይ ጠብ አስነስቶ ነበር፡፡ አንዲት እናት በጆንያ አፈር አስወጥተው ቃሪያና ጎመን ተክለዋል፡፡ ከጣሪያው ሥር ያለው ጎረቤት ኮርኒሱ ረጥቧል፡፡ ‹‹ማን ፈቀደልዎት?›› ሲላቸው፣ ‹‹ማንስ ከለከለኝ?›› አሉት፡፡ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ሁለቱም የሚሉትን አላጡም፡፡ በመጨረሻ ጎመኑ ተነሳ፣ ኮርኒሱን የሚያድስ ግን አልተገኘም፡፡

ኃላፊነቱ ከኮርኒስ ሊያልፍ ይችላል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፡፡ በአንቀጽ 2080 ደግሞ ከሕንፃው ወድቆ ጉዳት ላደረሰ ዕቃ ተጠያቂው በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው፡፡ ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ የቲማቲም ባልዲ የማን እንደነበረ የሚጠየቀው መንገደኛው ሆስፒታል ከገባ በኋላ መሆን የለበትም፡፡

የክብደቱ ነገርም አለ፡፡ አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፡፡ አፈሩ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነጠፍ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ግራም ነው፡፡ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ሲሆን፣ ሰው የማይወጣበት ጣሪያ አቅም ከዚያም እጅግ ያንሳል፡፡ ብዙዎቹ ባለአራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ ጣሪያቸው ተዳፋት ቆርቆሮ ነው፡፡ እዚያ ላይ ስለእርሻ ማውራት ከንቱ ነው፡፡ ባለ2 ሺሕ ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን መሆኑንም አንርሳ፡፡ በፈረቃ የምትመጣውን ውኃ ከጎመን ጋር መሻማት ስለማይገባ፣ የክረምቱን ዝናብ በአሸንዳ አውርዶ መሬት ላይ ማጠራቀም ይሻላል፡፡

ሲንጋፖር በ2020 እ.ኤ.አ. የመንግሥት መኖሪያ ሠፈሮችን የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ጣሪያዎች ለአትክልት አምራቾች በጨረታ አቅርባለች፡፡ አልሚው ጣሪያውን የሚይዘው በተጻፈ ውል ነው፡፡ እኛ የሲንጋፖር ገንዘብ የለንም፤ ውል ለመጻፍ ግን ወረቀትና ብዕር ይበቃል፡፡

ስለዚህ ጎመን ተካዩ አስቀድሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ውሳኔ በቃለ ጉባዔ ይያዝ፡፡ መሐንዲስ ጣሪያው የሚችለውን ጭነት በጽሑፍ ያረጋግጥ፡፡ ውኃ ቢያሰርግ አዳሹ ማን እንደሆነ፣ ምርቱስ የተካዩ ብቻ ይሁን የሁሉም በውሉ ይግባ፡፡ የከተማው አስተዳደርም ከዘርና ከችግኝ ጋር ማኅበራት የሚሞሉት የአንድ ገጽ ናሙና ውል ቢያድል ወጪው ትንሽ፣ የሚያስቀረው ክርክር ብዙ ነው፡፡

ጉርብትና ከጎመን ይበልጣል፡፡ ሁለቱንም ማቆየት የሚቻለው ግን ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ሲሉ ነው፡፡