ጉብኝቱ ቆሻሻው እስከሚያርፍበት ይዝለቅ

የመስክ ጉብኝት በአገራችን የአስተዳደር ልማድ ውስጥ ሥር የሰደደ የሥራ ዘዴ ነው። ኃላፊው፣ ባለሙያውና የቀበሌው ተወካይ በአንድነት ወደ መንደር ይወርዳሉ፤ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ይመለሳሉ። ዘዴው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። በወንበር ላይ ሆኖ ስለ ሕዝብ ጤና ከመወሰን ወርዶ ማየት እጅግ ይሻላል። ይሁን እንጂ የአካባቢ ንጽሕናን ለማሻሻል የሚደረገውን ጉብኝት በሚመለከት አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ሳይመለስ ቆይቷል፤ ጉብኝቱ ከየት ተነሥቶ የት ላይ ይቆማል? ይህን ጥያቄ በወልቂጤና በቡታጅራ ማንሣቱ ተገቢ ነው። ጎብኚው ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በአስፋልቱ ዳር፣ ማለዳ በተጠረገው አደባባይ ላይ ሲሆን ቆሻሻው ግን እዚያ አይቆምምና።

ሁለቱ ከተሞች የጉራጌን ተራሮች በግራና በቀኝ ይዘው የተቀመጡ ናቸው። ወልቂጤ በምዕራቡ በኩል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ቡታጅራ በምሥራቁ፣ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫዎች ናቸው። የክረምቱ ጎርፍም ለሁለት ይከፈላል። ከወልቂጤ በኩል የሚወርደው በዋቤ ወንዝ አድርጎ ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ያመራል፤ ከቡታጅራ በኩል የሚወርደው በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ በቡታጅራ ቦይ ውስጥ የተጣለው ነገር ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም፤ ሌላ ሕዝብ ወደሚቀዳው ውሃ ጉዞ ጀመረ እንጂ።

የጉራጌ ገጠር ቤተሰብ ቆሻሻ የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የከብቱ እበት፣ አመዱ፣ የተረፈው ቅጠል ሁሉ ወደ እንሰቱ ማሳ ይገባል፤ እንሰት ያለ ፍግ አይሆንምና። ከቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ጀፎረ ደግሞ የአንድ ሰው ንብረት ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነ መስክ ነው። ለቅሶው፣ ሠርጉና ሽምግልናው የሚካሄደው በዚያ ስለሆነ ወሰኑን መግፋት በአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ያስጠይቃል። ይህ ሕዝብ ከተማ ሲገባ ንጽሕናን አልረሳም። የተቆረጠበት ዑደቱ ነው። ኮባውና የምግብ ትርፍራፊው የሚመለሱበት ማሳ የለም፤ ከብቱ የለም፤ በምትካቸው ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ መጥተዋል። በመሆኑም በየስብሰባው የሚደጋገመው «የግንዛቤ ችግር» የሚለው አባባል እውነትነቱ ከፊል ነው። ከዚያ ያለፈው ድርሻው ለኃላፊዎች የሚመች መሸሸጊያ መሆን ነው። ጋሪው ለሳምንት ያልመጣላት እናት የጎደላት ግንዛቤ ሳይሆን ጋሪው ነው።

የጉብኝት ትክክለኛ አርአያ የት ይገኛል ቢባል ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም መሠረተ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። መዝጋቢዎቹ በየጊዜው ወደ እያንዳንዱ ቤት እየተመላለሱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ መዘገቡ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ዘልቋል። ያንኑ በር ደጋግሞ ማንኳኳት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት የሚቀጥፉት የሳንባ ምችና ተቅማጥ መሆናቸው በጥናቱ ተረጋገጠ። ተቅማጥ ደግሞ ከእጅ፣ ከውሃ፣ ከዝንብና ከመጸዳጃ ጉዳይ ተነጥሎ የሚታይ በሽታ አይደለም። እንግዲህ በዓለም የጤና ተመራማሪዎች ዘንድ ስሟ የታወቀው ይህች ከተማ፣ ልጆቿ የሚሞቱበትን ምክንያት ካወቀች አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእንግዲህ በእርሷ ዘንድ ጉብኝት «ችግሩን ለመለየት» ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ችግሩ ተለይቷል።

ሌላው ተሞክሮ በቀድሞው የደቡብ ክልል የተካሄደው የመጸዳጃ ቤት ንቅናቄ ነው። በ1996 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መጸዳጃ ያለው ቤተሰብ ከመቶ 13 አይሞላም ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከመቶ 78 ያህል መድረሱ ተመዘገበ። ይህ ውጤት የተገኘው በውጭ በመጣ ሲሚንቶ ሳይሆን ቤተሰቡ በራሱ ጉልበትና በአካባቢው እንጨት ቆፍሮ በሠራው ጉድጓድ ነው። ምክር ቤቶች ተስማሙ፤ ቀበሌዎች ኃላፊነት ወሰዱ፤ የጤና አራማጆች ቤት ለቤት ዞሩ። የተደራጀ ሕዝብ ምን መሥራት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚደብቀውም ነገር ነበረ። እጅ መታጠቢያው ከጉድጓዱ እኩል አልተስፋፋም፤ ክዳን ያልነበራቸውም ጉድጓዶች ብዙ ነበሩ። የተቆጠረው የተቆፈረው ነው፤ ያልተቆጠረው የተለወጠው ኑሮ ነው።

ይህንኑ ዘዴ እንዳለ ወደ ከተማ ማዛወርም አይቻልም። የገጠሩ ገበሬ ጉድጓዱ ሲሞላ አፈር አልብሶ ከጎኑ ሌላ ይቆፍራል። የወልቂጤ ተከራይ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ከአምስትና ከስድስት ቤተሰብ ጋር የሚጠቀምበት ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ የሚቆፍርበት ስንዝር መሬት የለውም። የመምጠጫ መኪና ያስፈልገዋል። መኪናው ከየት ይመጣል? ዋጋውን አከራዩ ይክፈል ወይስ ተከራዩ? ከሁሉ በላይ፣ መኪናው የመጠጠውን የት ያፈስሳል? ጉብኝት አድርጎ ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ሳያነሣ የተመለሰ ቡድን፣ የከተማን መጸዳጃ ችግር ግማሹን እንኳ አላየም ማለት ነው። ክረምቱ ሲገባ የሞላውን ጉድጓድ በጎርፍ አሳብቦ ወደ ቦይ መልቀቅ የሚመጣው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲጠፋ ነው። ድርጊቱን እናወግዛለን፤ ነገር ግን ማውገዙ ብቻ ጉድጓድ አያጎድልም።

ስለ ንጽሕና ተናግሮ ስለ ውሃ ዝም ማለትም አይቻልም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የወልቂጤ ነዋሪ ባዶ ጀሪካን ይዞ ውሃ ለመጠየቅ አደባባይ መውጣቱና በዚያም የሰው ሕይወት መጥፋቱ የሚረሳ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የታየው ኮሌራ ደግሞ በተከታዮቹ ወራት ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። ሕዝቡን «እጅህን ታጠብ» ብሎ የሚያስተምር ማንኛውም ጎብኚ በቅድሚያ የቧንቧውን መክፈቻ ማዞር አለበት። ውሃ ከመጣ ትምህርቱን ይቀጥል። ካልመጣ ግን ማስታወሻው ላይ መጀመሪያ መስፈር ያለበት የነዋሪው ስንፍና ሳይሆን የቧንቧው መድረቅ ነው።

አሁን ወደ ደረቁ ቆሻሻ እንምጣ። በገበያ ማግሥት በእነዚህ ከተሞች የሚተርፈውን ያየ ሰው ይዘቱን ያውቀዋል፤ ገራባ፣ ኮባ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፌስታል። በአገራችን ከተሞች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ ማለትም ያ የተቆረጠው ዑደት ሊቀጠል ይችላል። ገራባና ልጣጭ ከፌስታል ተለይተው ቢብላሉ ማዳበሪያ ይሆናሉ፤ ማዳበሪያውን የሚፈልገው የእንሰትና የበርበሬ ገበሬም ከከተማዋ ዳር ነው ያለው። ብረቱና ጠርሙሱ ገና ዱሮ ባለቤት አግኝተዋል። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው «ጥቅም የለውም» የሚባል ዕቃ እንደሌለ ያውቃል፤ የዚህ አካባቢ ልጆችም ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የቀረው ፌስታሉ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፌስታልን ነገር በሕግ ይዞታል። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሕዝቧን ለጋራ ሥራ የምታወጣውም እርሷው ናት። እኛም ዘንድ የጽዳት ዘመቻ ሞልቷል። የእኛ ዘመቻ ጉድለት መጥረጊያው አይደለም፤ ከተጠረገ በኋላ የሚመጣው ጋሪ ነው።

ጋሪውን የሚገፉት እነማን ናቸው? በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ጓንትና ጫማ ሳይሟላላቸው። የከተማው ጤና በእነርሱ ትከሻ ላይ እያለ በስብሰባ ላይ የመጨረሻውን ወንበር የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ይህ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ቆሻሻ ሁልጊዜ ከአቅመኛው ደጅ ተነሥቶ ወደ አቅመ ደካማው ደጅ ይጓዛል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ሟቾቹ ቆሻሻውን ያመነጩት አልነበሩም። ከጎኑ ደሳሳ ቤት የቀለሱት ነበሩ። (ከቡታጅራ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው የማረቆዋ ከተማ ቆሼ ስሟን ከዚያ ክምር ጋር መጋራቷ ያስቆጫል።) የአዲስ አበባው ክምር በአንድ ቀን አልተቆለለም። ለአሥርት ዓመታት፣ ከከተማ ውጭ ነው በሚባል ሜዳ ላይ ተከመረ፤ በኋላ ከተማው ራሱ ሄዶ ከበበው። ወልቂጤና ቡታጅራ በፍጥነት የሚያድጉ ከተሞች ናቸው። ዛሬ ከዳር ያለው መጣያቸው ነገ የማን ጓሮ እንደሚሆን መወሰን የሚቻለው ክምሩ ገና ትንሽ ሳለ ነው።

ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ የተጀመረና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራችን የገባ አንድ የሥራ ዘዴ አለ። በእርሱ ጎብኚው አያስተምርም፤ መንደርተኛው ራሱ እየመራ፣ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ሥፍራ ላይ ያስቆመዋል፤ ውይይቱም እዚያው ይካሄዳል። የከተማ ቀበሌዎች ይህን ዘዴ ሊወርሱት ይገባል። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የተደራጀው የከተማ ነዋሪ፣ እድሩም ጭምር፣ ለመቅበርና ለማዋጣት እንደሚሰበሰብ ሁሉ ለዚህም መሰብሰብ ይችላል። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓመታት ገንዘቡን አዋጥቶ፣ ማኅበር መሥርቶ መንገዱን ያስጠረገ ሕዝብ ነው። ሆኖም ያ ሕዝብ ገንዘቡን ያዋጣው መንገዱ የት እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ነበር። የጽዳት ክፍያ የሚጠየቀው ነዋሪም ብሩ ወደ ጋሪው፣ ጋሪው ወደ መጣያው መድረሱን የማየት መብት አለው።

መስቀል ሲቃረብ ሁለቱ ከተሞች ከአዲስ አበባና ከየአቅጣጫው በሚመጡ ልጆቻቸው ይጨናነቃሉ፤ ያኔ ቆሻሻውም ይበዛል። ጉብኝቱ ከዚያ በፊት፣ ጳጉሜን ላይ ይደረግ። ከአንድ የኪራይ ግቢ ጓዳ ይነሣ፤ ጋሪ የሚገፉት ሠራተኞች ከፊት ይምሩ፤ የቀበሌ ነዋሪዎች፣ የማዘጋጃ ቤቱና የውሃ አገልግሎቱ ኃላፊዎች ይከተሉ፤ ቦዩን ተከትለው፣ መምጠጫ መኪናው በሚሄድበት ሄደው፣ መጣያው ጫፍ ላይ ይቁሙ። እዚያው ቆመው ማን ምን እንደሚሠራና እስከ መቼ እንደሚሠራ በስም ይጻፉ። ታኅሣሥ ላይ እነዚያው ሰዎች፣ ያንኑ ወረቀት ይዘው፣ በዚያው መንገድ ይመለሱ።