ከመፍታት በፊት መለካት

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠሩትና በትልልቅ ሞተሮቻቸው የተነሣ «መስል ካር» የሚል ስያሜ ያገኙት አውቶሞቢሎች ዛሬም በብዙ ባለቤቶች እጅ ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ.፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ባለሁለት ማርሹን አውቶማቲክ ካምቢዮ ትቶ «ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400» የተባለውን ባለሦስት ማርሽ ካምቢዮ ይዞ ቀረበ። ይህ ካምቢዮ በጥንካሬው የተመሰገነ ነው። ሆኖም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረ መሣሪያ መታወኩ አይቀርምና፣ ማርሹ ዘግይቶና በኃይል እየመታ መግባት ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው ይውረድና ይፈታ» የሚል ነው። በእኛ እምነት ይህ ከምርመራ በፊት የሚሰጥ ፍርድ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ ሳይለኩ መፍታት ስለሚያስከትለው ኪሣራና የፊዚክስ ትምህርታችን ከዚህ ሊቀስመው ስለሚችለው ቁም ነገር አስተያየታችንን እናቀርባለን።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር የሌለው ይህ ካምቢዮ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜ እንዴት ያውቃል? መልሱ በሁለት የዘይት ግፊቶች ፉክክር ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው የመኪናውን ፍጥነት ይናገራል። ገቨርነር የተባለው ክፍል ከካምቢዮው የመውጫ ዘንግ ጋር ተያይዞ ሲሽከረከር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ የዘይቱም ግፊት አብሮ ይጨምራል። ተማሪዎቻችን እንደሚያውቁት ይህ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። መሐንዲሶቹ ለዝቅተኛው ፍጥነት ከባድ፣ ለከፍተኛው ቀላል ክብደት መመደባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ግፊት የሞተሩን ጭነት ይናገራል። ሞተር በትንሽ ጭነት ሲሠራ በአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በእጅጉ ያንሳል፤ ይህ ልዩነት ቫኪዩም ይባላል። ነጂው የነዳጅ ፔዳሉን ሲጫን ቫኪዩሙ ይቀንሳል። አንድ ቀጭን ቱቦ ይህን ወሬ ሞጁሌተር ወደሚባለው፣ በውስጡ ስስ ሽፋን ወዳለው ክፍል ያደርሳል። ቫኪዩም ባነሰ ቁጥር ሞጁሌተሩ የዘይቱን ግፊት ከፍ በማድረግ ማርሹ ዘግይቶና ጠበቅ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል።

እንግዲህ ይህ ቱቦ ቢሰነጠቅ ምን ይከተላል? በሜዳ ላይ በዝግታ የሚሄደው መኪና በሙሉ ኃይሉ ዳገት እየወጣ እንደሆነ ተደርጎ ለካምቢዮው ይነገረዋል። ካምቢዮውም የታዘዘውን በትክክል ይፈጽማል። ጥፋቱ የወሬ አድራሹ ሆኖ ሳለ የሚፈታው ወሬ ተቀባዩ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ሊሄድ ይገባል። መጀመሪያ የሚታየው ዘይቱ ነው። በዚህ ካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራና ማርሹ በፓርክ ላይ ሆኖ ነው፤ በክራይስለሩ «ቶርክፍላይት» ግን በኒውትራል ነው። ዘይት ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ከበዛም የሚሽከረከሩት ክፍሎች እየመቱ አረፋ ያደርጉታል። አየር የሚታመቅ በመሆኑ በሁለቱም ሁኔታዎች ግፊቱ ይወርዳል። ሁለት ተቃራኒ መነሻዎች አንድ ዓይነት ምልክት መስጠታቸውን ልብ ይሏል። ቀዩ ዘይት ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ የፍሪሲዮን ሸራዎች መቃጠላቸውን፣ ወተት ከመሰለ ደግሞ ከራዲያተሩ ውሃ መግባቱን ያመለክታል።

ዘይቱ ደህና ከሆነ የቫኪዩም መለኪያ በቱቦው ሁለት ጫፎች በየተራ ይገጠማል። በባሕር ጠለል አካባቢ ጤናማ ሞተር ያለ ጭነት ሲዞር ወደ 450 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚጠጋ ቫኪዩም ይሰጣል። ከፍታ ሲጨምር ግን ይህ ቁጥር ይቀንሳል። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ዴንቨር፣ ይልቁንም 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርቻን ቁጥር ይዞ ሞተሩን በሽተኛ ነው ማለት አይገባም። በሞተሩ ጫፍ ሙሉ፣ በሞጁሌተሩ ጫፍ ጎደሎ ንባብ ከተገኘ ጥፋቱ የቱቦው ነው። በሁለቱም ጎደሎ ከሆነ ችግሩ የሚፈለገው በሞተሩ ላይ ነው። በሁለቱም ሙሉ ከሆነ ወደ ሞጁሌተሩ ይታለፋል፤ በቱቦ መግቢያው ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ከተገኘ ስሱ ሽፋን ተቀዷል ማለት ነው። ሞተሩም ያን ዘይት እየሳበ በማቃጠል ነጭ ጭስ ያወጣል። ከዚህ ካለፈ በነዳጅ ፔዳሉ የሚታዘዘው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ሽቦ ለጊዜው ይነቀላል፤ ማርሹ በጊዜው መግባት ከጀመረ ጥፋተኛው ማብሪያው ወይም ሽቦው ነው። እስከዚህ ድረስ ካምቢዮውን ማውረድ አላስፈለገም።

መለካትም ቢሆን የራሱ ወሰን አለው። ፍሬን አጥብቆ ይዞ ነዳጁን እስከ መጨረሻው በመጫን የፍሪሲዮኖቹን መንሸራተት የሚፈትሹ አሉ፤ ሙከራው ከ5 ሴኮንድ እንዳይበልጥ ይመከራል። ምክንያቱን ማስላት ይቻላል። ሞተሩ 100 ኪሎዋት ቢሰጥና መኪናው ባይንቀሳቀስ፣ በ5 ሴኮንድ ውስጥ 500 ኪሎጁል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ 4 ኪሎግራም ዘይት አለ ብንልና አንዱን ኪሎግራም በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 2 ኪሎጁል ያህል ቢያስፈልግ፣ የዘይቱ ሙቀት ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ብረቱ ከሙቀቱ የሚወስደውን ባንቆጥርም፣ ግምቱ አደጋውን ለማሳየት በቂ ነው።

ልምድ ያለው መካኒክ በድምፅና በሽታ ብቻ ችግሩን ያውቃል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ልምድ ትልቅ ሀብት መሆኑን አንክድም። የልምድ ጥቅም ግን የትኛውን ግምት አስቀድመን እንፈትሽ የሚለውን መጠቆም ነው፤ ፍርዱን መስጠት ያለበት መለኪያው ነው። የዛሬዎቹ መኪናዎች በኮምፒዩተር የስሕተት ኮድ መስጠታቸውም ይህን አይሽረውም። ኮዱ የትኛው ንባብ ከወሰኑ እንደወጣ ይነግረናል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደሚለወጥ አይወስንልንም።

ይህን ጉዳይ በሳይንስ መጽሔት ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ ሙከራ ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ደህና መሣሪያና አስቀድሞ የታወቀ መልስ ነው። በፔንዱለም የምድርን ስበት ሲለካ 9.8 ማግኘት እንዳለበት ያውቃልና፣ ንባቡ ሲለይ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ቁጥሩን ለማስተካከል ይፈተናል። ሲመረቅ ግን የሚጠብቀው የተበላሸ ፓምፕ፣ የተዛባ የሆስፒታል መሣሪያ ወይም የማይነሣ ጄኔሬተር ነው። ስለዚህ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ሆን ተብሎ በተበላሸ መሣሪያ እንዲሰጥ ሐሳብ እናቀርባለን። ተማሪው መሣሪያውን ከመፍታቱ በፊት የጠረጠራቸውን መነሻዎች በዝርዝር ይጻፍ፤ እያንዳንዱን የሚለይ ልኬት ይምረጥ፤ ነጥቡም የሚሰጠው ላገኘው ቁጥር ሳይሆን ለፍለጋው ሥርዓት ይሁን። ለዚህ ውድ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ በየመጋዘኑ ተበላሽተው የተቀመጡት ለመጀመር ይበቃሉ።